የቪዲዮ ዎል ኮንትሮለር አመራረጥ፦ ከጅማ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ጅማ ውስጥ ለስብሰባ አዳራሽ፣ ለሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ለኳስ ማሳያ ካፌ ወይም ለካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍል ቪዲዮ ዎል፣ ማለትም ከብዙ ስክሪኖች ወይም ቁራጮች የተገጣጠመ ትልቅ ስክሪን፣ ለማስገጠም ላሰቡ ነው። ብዙ ሰው ስክሪኑን ተጨንቆ ይመርጥና ኮንትሮለሩን «እሱ ቀላል ነው» ብሎ ለመጨረሻ ያቆየዋል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ኮንትሮለር ሥራው ምንድን ነው? የግድ ያስፈልገኛል?

ከላፕቶፕ፣ ከዲኮደር ወይም ከካሜራ የመጣውን ምስል ተቀብሎ ይቆራርጥና ለየስክሪኑ ድርሻውን ያድላል። ጥሩ የሚባለው ደግሞ ሁለትና ሦስት ምስል ጎን ለጎን ያሳያል፣ መጠናቸውን ያስተካክላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየርም ስክሪኑ አይጠቁርም።

የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ለቪዲዮ ዎል ተብለው የተሠሩ የኤልሲዲ ስክሪኖች፣ ለምሳሌ ሳምሰንግና ኤልጂ ለዚሁ ሥራ የሚያወጧቸው፣ ምስል የመቁረጥ አቅም በውስጣቸው አላቸው። ሲግናሉ ከአንዱ ስክሪን ወደ ቀጣዩ በገመድ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱም በሜኑው ላይ በተሰጠው ቦታ መሠረት የራሱን ክፍል ብቻ አጉልቶ ያሳያል። ፈረንጅ አራዳ ያለ ካፌ ግድግዳው ላይ አራት ስክሪን ሁለት በሁለት ሰቅሎ አንድ ጨዋታ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ይህ ይበቃዋል። ኮንትሮለር መግዛት ብር ማባከን ነው። የቤት ቴሌቪዥን ግን ይህ አቅም የለውም፤ ጠርዙም ወፍራም ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲበራ ተብሎም አልተሠራም።

ለኤልሲዲና ለኤልኢዲ ኮንትሮለሩ አንድ ነው?

አይደለም። ገበያ ላይ ሁለቱም «ቪዲዮ ዎል ኮንትሮለር» ስለሚባሉ ሰው ይሳሳታል። የኤልሲዲው በኤችዲኤምአይ ወይም በዲስፕሌይ ፖርት ያወጣል፤ እያንዳንዱ መውጫ ወደ አንድ ስክሪን ይሄዳል። የኤልኢዲው (በትናንሽ አምፖሎች ለሚያበራ ስክሪን የሚሆነው) ግን በኔትወርክ ገመድ ነው የሚያወጣው። በውስጡ ምስሉን የሚልክ ሴንዲንግ ካርድ አለ፣ ስክሪኑ በሚገጣጠምባቸው ሳጥኖች፣ በየካቢኔቱ ጀርባ ደግሞ የሚቀበል ሪሲቪንግ ካርድ ተቀምጧል። ገመዱ የኔትወርክ ይሁን እንጂ በመካከሉ ተራ የቢሮ ስዊች ማስገባት አይቻልም።

አንድ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በሱቅ በር ላይ ጽሑፍ የሚያስኬዱት የፒ10 (በአምፖሎቹ መካከል 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ያላቸው) ሰሌዳዎች፣ ሒርማታ ገበያ በኩል እንደሚታዩት ያሉት፣ የሚሠሩት ጽሑፉን በራሱ በሚያስቀምጥ ትንሽ ካርድ ነው። በፍላሽ ወይም በዋይፋይ ይጫንለታል፣ ላፕቶፕ ተሰክቶ መቆየት የለበትም። ለሱቅ ማስታወቂያ ከዚህ በላይ አይግዙ። ለቀጥታ ስርጭት ግን ይህ ካርድ አይሆንም።

ለኤልኢዲ ስክሪኔ ስንት ፖርት ያለው ልግዛ?

እዚህ ላይ ግምት አያዋጣም፣ ፒክስል ይቆጠራል። በተለመደው አሠራር (በሰከንድ 60 ፍሬም፣ 8 ቢት ቀለም) አንድ የጊጋቢት ፖርት የሚሸከመው 650 ሺህ ፒክስል ገደማ ነው። ቀለሙን ወደ 10 ቢት ወይም ፍሬሙን ወደ 120 ከፍ ካደረጉት የሚሸከመው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አንድ የስብሰባ አዳራሽ 640 በ480 ሚሊ ሜትር በሆኑ የፒ2.5 ካቢኔቶች ስክሪን ሊያሠራ ነው እንበል፤ ወደ ጎን 6፣ ወደ ላይ 5 ካቢኔት። ስፋቱ 3.84 ሜትር፣ ቁመቱ 2.40 ሜትር ይሆናል። አንዱ ካቢኔት 256 በ192 ፒክስል ስለሆነ 49,152 ፒክስል አለው። ሠላሳው ሲደመር 1,474,560 ነው። ይህን ለ650 ሺህ ብናካፍል 2.27 ይመጣል፤ ስለዚህ 3 ፖርት ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ አያቁሙ፤ ካቢኔት ለሁለት ተከፍሎ ከሁለት ፖርት ጋር አይያያዝም። 650 ሺህ ለ49,152 ሲካፈል 13.2 ስለሚሆን አንድ ፖርት ቢበዛ 13 ካቢኔት ይይዛል። ለሦስቱ ፖርት አሥር አሥር ቢያከፋፍሉ ምንም አይጨናነቅም።

ታዲያ ባለ 2 ፖርት የሆነውና 1.3 ሚሊዮን ፒክስል የሚችለው ኖቫስታር የተባለው አምራች ኤምሲቲአርኤል300 ለዚህ ስክሪን ያንሳል። ባለ 4 ፖርቱና 2.3 ሚሊዮን የሚችለው ቪኤክስ4ኤስ ይበቃል፣ የመጠባበቂያም ቦታ ይተርፈዋል። ሻጩ «ሁለት ፖርትም ይሠራል» ካለዎት ሲያበሩት የተወሰኑ ካቢኔቶች ጥቁር ሆነው ይቀራሉ፤ ያኔ ሰው ካቢኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከጠቅላላው ቁጥር ሌላ እያንዳንዱ ኮንትሮለር የስፋትና የቁመት ጣሪያ አለው። በጣም ረጅምና ቀጭን ስክሪን፣ ለምሳሌ የስታዲየም ዳር ማስታወቂያ፣ በፒክስል ብዛት አልፎ በስፋት ሊወድቅ ይችላል።

ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያሳያል። ኮንትሮለሩ ነው ችግሩ?

አይደለም፣ የስክሪኑ ቅርጽ ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ 1536 በ960 ፒክስል ነው፤ 16 ለ 9 የሆነ ቪዲዮ ሳይለጠጥ ሲገባበት 1536 በ864 ይይዝና ከላይ 48፣ ከታች 48 መስመር ባዶ ይተዋል። በ640 በ480 ካቢኔት ትክክለኛ 16 ለ 9 የሚመጣው የጎኑና የቁመቱ ብዛት 4 ለ 3 ሲሆን ብቻ ነው፤ 4 በ3 ወይም 8 በ6። ይህ መወሰን ያለበት ስክሪኑን የሚይዘው ብረት ሳይበየድ ነው። ከተበየደ በኋላ ያለው አማራጭ ምስሉን መለጠጥ ነው፤ ያኔ የተናጋሪው ፊት ሾጠጥ ይላል።

ስክሪኑ ከአንድ ሻጭ ተገዝቷል። ኮንትሮለር ከሌላ ቦታ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ይገጥማል?

መጀመሪያ አንድ ካቢኔት ይክፈቱና ሪሲቪንግ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም ያንብቡ። የኖቫስታር ሴንዲንግ ካርድ ከከለርላይት ሪሲቪንግ ካርድ ጋር አይነጋገርም፤ ሊንስንና ሁዊዱም እንዲሁ ከራሳቸው ጋር ብቻ ነው የሚሠሩት። ሁሉም በአንድ ዓይነት የኔትወርክ ገመድ ስለሚገናኙ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ ሲበሩ ግን ምንም አይታይም።

የኤልሲዲ ስክሪን አለኝ። ከኮንትሮለር ዓይነቶች የትኛውን?

በስንት ምንጭ ይጠቀማሉ? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምንጭ ከሆነ የስክሪኑ የራሱ ሥርዓት ይበቃል ብለናል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ባለ 1920 በ1080 አራት ስክሪኖች ሁለት በሁለት ሲቀመጡ በድምሩ 3840 በ2160፣ ማለትም 4ኬ ናቸው። የሚያስገቡት 1080 ከሆነ እያንዳንዱ ስክሪን የሚደርሰው 960 በ540 ነው፤ ለኳስ ያልፋል፣ ለኤክሴል ሠንጠረዥ ግን ይደበዝዛል። 4ኬ ሲያስገቡ ደግሞ ኤችዲኤምአይ 1.4 በሰከንድ ከ30 ፍሬም አያልፍም፣ የማውስ ቀስት እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። ለ60 ፍሬም ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ያስፈልጋል፤ ከስክሪን ወደ ስክሪን የሚያስተላልፈው መውጫም ጭምር።

አንድ ወይም ሁለት ምንጭ፣ እስከ አራት ስክሪን ከሆነ ትንሿ ሳጥን ትበቃለች፤ አንድ ወይም ሁለት መግቢያ፣ አራት መውጫ። በርካሾቹ ላይ የሚታየው ችግር መውጫዎቹ እኩል አለመሄዳቸው ነው። ተጫዋች ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ስክሪኖቹ መገናኛ ላይ ወገቡ የተቆረጠ ይመስላል። ይህን ሱቅ ውስጥ በቆመ ፎቶ አያዩትም፣ በሚንቀሳቀስ ምስል ይፈትሹ።

ኮምፒውተር ከባለ ብዙ መውጫ ግራፊክስ ካርድ ጋር ደግሞ ለካርታ፣ ለዳሽቦርድ፣ ለማስተማሪያ ጥሩ ነው። የኤንቪዲያ የሥራ ካርዶች ሞዛይክ በሚባለው አሠራር አራቱን መውጫ ለዊንዶውስ እንደ አንድ ትልቅ ስክሪን ያቀርባሉ። የጨዋታ ካርዶቹ፣ ጂፎርስ የሚባሉት፣ ሞዛይክ የላቸውም። ጉዳቱ ዊንዶውስ መሆኑ ነው፤ ስብሰባው መሀል ላይ «በማዘመን ላይ ነኝ» የሚል ስክሪን አራት ሜትር ሆኖ ይታያል።

ብዙ ምንጭ፣ ብዙ ስክሪን፣ 24 ሰዓት የሚሠራ ክፍል ከሆነ ካርድ የሚጨመርበት ፕሮሰሰር ይግዙ። ዋጋው ይከብዳል፤ ግን አንድ መግቢያ ሲበላሽ ካርዱን ብቻ ይቀይራሉ፣ ምስል ከስክሪን ስክሪን እያሻገሩ እንደልብ ያስቀምጣሉ። ሕንጻዎቹ የተራራቁበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ምስሉን በኔትወርክ የሚልክ ኢንኮደርና የሚቀበል ዲኮደር ይሻላል፤ ይህ ግን መልቲካስትን (አንድን ምስል በአንዴ ለብዙ ተቀባይ መላክን) የሚያስተዳድር ስዊች ይፈልጋል። ያለዚያ የቢሮው ኢንተርኔት አብሮ ይታነቃል።

ለጥበቃ ካሜራ ብቻ ከሆነስ?

ለዚህ የኔትወርክ ካሜራን በቀጥታ የሚፈታ ዲኮደር ይግዙ፣ የአዳራሽ ኮንትሮለር አይደለም። ሻጩን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «በአንድ ጊዜ በ1080 ስንት ካሜራ ይፈታል? ኤች.265 (ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ) ሲሆንስ?» 16 ካሜራ በትናንሽ መስኮት ሲታዩ ዝቅተኛውን ስትሪም፣ አንዱ ሲጎላ ዋናውን እንዲወስድ አድርገው ያስተካክሉት።

የቴሌቪዥን ዲኮደሩን ስሰካ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ላፕቶፕ ሲሆን ግን ይሠራል። ለምን?

ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው። እንደ ዲኤስቲቪ ያሉ ዲኮደሮች መስመሩ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ይህን እንዲያከብር ይጠይቃሉ፤ ኮንትሮለሩ ወይም ከስክሪኖቹ አንዱ ካላከበረ ጥቁር ወይም በረዶ የመሰለ ምስል ይመጣል። ኮንትሮለሩ ኤችዲሲፒ 1.4፣ ለ4ኬ ደግሞ 2.2 እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ አይግዙ። በካፌና በሆቴል ለሕዝብ ለማሳየት የንግድ ደንበኝነት ያስፈልጋል፤ የቤቱ ውል ለዚያ አልተሰጠም።

ኳስ ሳሳይ ምስሉ ይንጠባጠባል።

የሳተላይት ስርጭቱ እዚህ በ50 ኸርዝ ነው የሚመጣው፤ ኮንትሮለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ60 ነው። 50 ፍሬምን 60 ለማድረግ በየሰከንዱ አሥር ፍሬም ይደገማል። ሰው ሲናገር አይታወቅም፣ ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሲዞር ግን ዓይን ይይዘዋል። የኮንትሮለሩን መውጫ ወደ 50 ይቀይሩት ወይም መግቢያውን እንዲከተል ያድርጉት። ይህ ማስተካከያ የሌለው ኮንትሮለር ለኳስ ቤት አይመረጥም።

ካሜራ ሲቀርጸው ስክሪኑ ላይ መስመር ይሮጣል። ኮንትሮለር ብቀይር ይጠፋል?

አይጠፋም። የሚወስነው የሞጁሉ (ካቢኔቱ ላይ የሚገጠመው የአምፖል ሰሌዳ) ቺፕና ሪሲቪንግ ካርዱ የሚሰጡት የማደስ ፍጥነት ነው። ሠርግና ስብሰባ የሚቀረጽበት አዳራሽ ከ1920 ይልቅ 3840 ኸርዝ የሆነውን ሞጁል ይዘዝ። ላለው ስክሪን የካሜራውን ሸተር ዝቅ ማድረግ በመጠኑ ይረዳል።

ጽሑፋችን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

አለ፣ ሰውም የሚረሳው ይህን ነው። ቁቤውና እንግሊዝኛው በላቲን ፊደል ስለሆኑ በየትኛውም ዕቃ ይነበባሉ። የኮንትሮለሩና የማጫወቻው የራሱ ጽሑፍ ማስገቢያ ግን ብዙ ጊዜ የግእዝ ፊደል የለውም፣ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። መፍትሔው ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅቶ በምስል ወይም በቪዲዮ መልክ መጫን ነው።

ሌላው የፊደሉ መጠን ነው። «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ነው። በ16 ፒክስል ቁመት ላቲኑ ደህና ሆኖ ሲነበብ አማርኛው ጭረቱ ይዋጣል። ለአማርኛ ከ24 ፒክስል ባይወርዱ ይሻላል፣ ደመቅ ያለ ውፍረትም ይምረጡ። ፒ10 ሰሌዳ ላይ 24 ፒክስል ማለት 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሰሌዳውን ከማዘዝዎ በፊት ይህን ያስቡበት።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ ኮንትሮለሩ ያስተካከልኩትን ይረሳል። ተበላሽቷል?

ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም፣ አልተቀመጠም። በኤልኢዲ ሶፍትዌር ላይ «ላክ» እና «አስቀምጥ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ በኖቫስታር ሶፍትዌር በኖቫኤልሲቲ ማስተካከያውን ወደ ሪሲቪንግ ካርዱ ሲልኩት ስክሪኑ ወዲያው ይስተካከላል፤ ገጣሚውም ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። «አስቀምጥ» ካልተጫነ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ምስሉ ይበተናል። ስለዚህ ሥራውን ሲረከቡ ዋናውን ማብሪያ ሦስት ጊዜ ያጥፉና ያብሩት። ማንም ሳይነካው ወደ ነበረበት ምስል ከተመለሰ ይረከቡ። ገጣሚው የሪሲቪንግ ካርዱን ፋይልና የካቢኔቶቹን አያያዝ የያዘውን ፋይል በፍላሽ ይስጥዎት፣ የኮንትሮለሩን የይለፍ ቃልም ጭምር። እነዚህ እጅዎ ላይ ከሌሉ አንድ ካርድ ለመቀየር ያንኑ ሰው ማስመጣትዎ ነው።

ዩፒኤስ ለስክሪኑ ሁሉ አይግዙ፣ አይችለውም። ለኮንትሮለሩ፣ ለማጫወቻውና ለላፕቶፑ ብቻ ያድርጉት፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ እነሱ ካልጠፉ ስክሪኑ ሲበራ ምስሉ ጠብቆት ይገኛል። ስክሪኑን ደግሞ በአንድ ማብሪያ አያስነሱት፤ በሦስት ቡድን ከፍለው በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ይብራ። ሁሉም የኃይል ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ሲነሱ የሚስቡት ድንገተኛ ኃይል ብሬከር ይጥላል።

ከዚህ ጋር፦ አንዳንድ የካቢኔት የኃይል ሳጥኖች በጎናቸው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው። 115 ላይ ቀርቶ የእኛ 220 ቮልት ሲገባ ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት አንድ በአንድ ይታይ።

ኮንትሮለሩን ከስክሪኑ ስንት ሜትር ማራቅ እችላለሁ?

ከሴንዲንግ ካርድ እስከ መጀመሪያው ካቢኔት በኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር። ይህ ግን ንጹህ መዳብ ሲሆን ነው። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ገመድ በየሱቁ አለ፣ ቀለል ይላል፣ ሲቧጨር ነጭ ብረት ይታያል፤ በእሱ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል።

ኤችዲኤምአይ ለ4ኬ በ60 ፍሬም ከ5 ሜትር በላይ በተራ ገመድ አይታመንም። ከዚያ በላይ ባለ ፋይበር ኤችዲኤምአይ ገመድ ወይም ኤችዲቤዝቲ (ምስሉን በኔትወርክ ገመድ የሚወስድ) ማስተላለፊያ ያስፈልጋል። ኤችዲቤዝቲው እንደ ዕቃው ደረጃ በ1080 ከ70 እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ በ4ኬ ያጥራል። ባለ ፋይበሩ ገመድ አቅጣጫ አለው፤ «ምንጭ» የሚለው ጫፍ ወደ ላፕቶፑ ነው፣ ተገልብጦ ከግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ ማውጣት ነው።

ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ወይም ወደ ውጪ ስክሪን ከሆነ ርቀቱ 30 ሜትርም ቢሆን ፋይበር ይዘርጉ። ጅማ ዝናቡ ከነመብረቁ ነው፤ ውጪ የተዘረጋ መዳብ የሚያመጣው ድንገተኛ ቮልቴጅ መጀመሪያ የሚያገኘው የኮንትሮለሩን ፖርት ነው። ኧርዝ የሌለው መስመርም ያንኑ ያደርጋል፦ ስክሪኑ ከአንድ ፌዝ፣ ላፕቶፑ ከሌላ ፌዝ ሆነው ገመዱ በበራበት ሲሰካ የኤችዲኤምአይ ፖርት ይቃጠላል። ሁለቱንም በኧርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ያብሯቸው።

አዳራሹ ክረምቱን ዝግ ነው። ስክሪኑስ?

በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ይብራ። እርጥበት የገባበት ሞጁል ከወራት በኋላ በሙሉ ድምቀት ሲበራ አምፖሎቹ በመስመር በመስመር ይሞታሉ። ቆይቶ ሲከፈት በ30 በመቶ ድምቀት ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። ኮንትሮለሩን ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ የአየር ማስገቢያውን በበጋ ከአቧራ ያጽዱት።

ከአዲስ አበባ ከመጫኑ በፊት ምን ልፈትሽ?

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የግቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ከመጣ በኋላ መመለስ ከባድ ስለሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጊዜ ይውሰዱ። የራስዎን ላፕቶፕና የራስዎን ዲኮደር ይዘው ይሂዱ። ሁሉንም መግቢያ አንድ በአንድ ይሰኩ፣ ሁሉንም መውጫ ያብሩ፤ የሚሠራ አንድ ፖርት አይተው አራቱም ይሠራሉ አይበሉ። የሚንቀሳቀስ ምስል ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሂዱ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚሠራ ሲግል የሚቆም አለ። ላፕቶፕ ነቅለው መልሰው ሲሰኩ የምስሉ መጠን ከተዛባ የኢዲአይዲ (የስክሪኑን መጠን ለላፕቶፑ የሚያሳውቅ መረጃ) ማስተካከያውን ፈልገው የስክሪንዎን ትክክለኛ ፒክስል ይጻፉበት፤ ይህ ማስተካከያ ከሌለው ሌላ ይጠይቁ።

ከኮንትሮለሩ ጋር መለዋወጫ አብሮ ይምጣ፦ ሁለት ሪሲቪንግ ካርድ፣ ሁለት የኃይል ሳጥን፣ ጥቂት ሞጁል። ሞጁሉ ከዚያው ከአንዱ ምርት ዙር ይሁን፤ በሌላ ዙር የተመረተ ሲገጠም ቀለሙ ይለያል፣ ስክሪኑም ልብስ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ ይታያል።